«ሆቴል ካሊፎርኒያ» ላይ ያለው 1969 የማን 1969 ነው?

ማሙሽ ዘሳሪስ (የውይይቱን ክር የከፈተ)

ሰላም ቤተሰብ። እሁድ አጎቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ስልኬን ከስፒከሩ ጋር አገናኝቼ የአሜሪካኑን ባንድ የኢግልስን «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ከፈትኩ። እንግዳው ወይን ሲያዝ የሆቴሉ ሰውዬ የሚመልስለት ቦታ ላይ ሲደርስ አጎቴ ሲኒውን አስቀመጠና «ሰማህ? 1969 አለ። እኛን ጉድ የሠራን ዓመት» አለኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1961 እና 62 ነው የሚሆነው» ብዬ አረምኩት። ቤቱ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «እሺ፣ ዘፈኑ ራሱ መቼ ወጣ?» አለኝ። ፈልጌ ሳይ አልበሙ የወጣው በፈረንጅ ዲሴምበር 8 ቀን 1976 ነው። ወደ እኛ ስመልሰው ህዳር 29 ቀን 1969 ዓ.ም. ሆኖ ቁጭ! ከዚያ በኋላ የሳቀው እሱ ነው።

እና የመድረኩ ሙዚቃ አዋቂዎች፣ ሰውየው 1969 ሲል ምን ማለቱ ነው? ደግሞስ ይሄ ዘፈን ምን ቢኖረው ነው ግማሹን ቃል እንኳ በወጉ የማንሰማው ሰዎች እስከ ዛሬ ያልተላቀቅነው?

ባለ 12 ክር

ሆቴል ሎቢ ውስጥ ጊታር የምጫወት ሰው ስለሆንኩ ይሄ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በሳምንት አራት ማታ እጫወታለሁ፤ ይሄ ዘፈን ያልተጠየቀበት ማታ ትዝ አይለኝም። ቻይናዊው ይጠይቃል፣ ናይጄሪያዊው ይጠይቃል፣ ከሐዋሳ ለስብሰባ የመጣው ይጠይቃል። አንዳንዱ ስሙን አያውቀውም፤ መግቢያውን በአፉ «ቲን ቲን ቲሪሪን» ይልልኛል፣ ገባኝ እለዋለሁ።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከበሮ እየመታ የሚዘፍነውን ዶን ሄንሊን ነው። ዜማው ግን የጊታረኛው የዶን ፌልደር ነው። ማሊቡ ባሕር ዳር ተከራይቶ በሚኖርበት ቤት ባለ 12 ክር ጊታሩን ሲነካካ ነው መግቢያው የመጣለት። ባለ አራት ትራክ መቅጃ ነበረችውና እሷ ላይ ቀዳው፣ ከሌሎች ሙከራዎቹ ጋር በካሴት አድርጎ ለባንዱ ልጆች ሰጣቸው። ሄንሊና ግሌን ፍሬይ ከካሴቱ ውስጥ ይቺን መረጡና ግጥሙን ሠሩላት። ስም እስኪወጣላት ድረስ «ሜክሲካዊ ሬጌ» እያሉ ነበር የሚጠሯት። ይቺን ልብ በሉልኝ። ስንኙ ላይ ጊታሩን ስሙት፤ ምቱ ላይ ሳይሆን በምትና በምት መሀል ነው ጣል የሚያደርገው። ሬጌ ሲሰማ ትከሻው የማይነቃነቅ ሐበሻ ደግሞ እኔ እስካሁን አላየሁም።

ሁለተኛው ኮርዱ፣ አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች አካሄድ ነው። ብዙ የሮክ ዘፈን በሦስት በአራት ኮርድ ይኖራል። ይሄ ስንኙ ላይ ብቻ ስምንት እርምጃ አለው፦ ቢ ማይነር፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ኢ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ እንደገና ኤፍ ሻርፕ። ጥንድ ጥንድ እየሆነ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ነው የሚሄደው። ታች ደረስኩ ስትል የመጨረሻው ኤፍ ሻርፕ ክንድህን ይዞ ወደ መጀመሪያው በር ይመልስሃል። ግጥሙ «ከዚህ ቤት መውጣት የለም» ይላል፤ እጄ ግን ቃሉን ሳይሰማ በፊት ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ያልገባው ሰው የሚይዘው ይሄንን ይመስለኛል።

ጋሽ ሸክላ

ልጅ ማሙሽ፣ አንተም ልክ ነህ፣ አጎትህም ልክ ናቸው።

ያች ቦታ ላይ ያለው «ስፒሪት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሁለት ትርጉም አለው፤ መንፈስም ነው፣ አረቄም ነው። እኛ በቅኔ ኅብረ ቃል የምንለው ነገር። እንግዳው ወይን ይጠይቃል፣ ሰውየው «ያ ነገር ከ1969 ወዲህ እዚህ ቤት የለም» ይላል። ሰሙ መጠጥ ነው። ወርቁ የዚያ ዘመን ወጣት መንፈስ ነው። በፈረንጅ 1969 ነሐሴ ላይ ዉድስቶክ በተባለው የሙዚቃ ድግስ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ጭቃ ውስጥ አብሮ ውሎ አብሮ አደረ። ዲሴምበር ላይ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ አልታሞንት ላይ እንዲሁ ዓይነት ድግስ ተደግሶ መድረኩ ሥር ሰው በስለት ተወግቶ ሞተ። ያ መንፈስ በዚያው ዓመት አብቦ በዚያው ዓመት ጠወለገ ማለቱ ነው። አንድ የአሜሪካ ጋዜጠኛ ከብዙ ዓመት በኋላ ሄንሊን «ወይን እኮ ይጠመቃል እንጂ እንደ አረቄ አይወጣም፣ ቃሉ ስህተት ነው» ብሎት ሄንሊ ነገሬ ስለ መጠጥ መቼ ሆነና ብሎ ተቆጣው። እኛ ቅኔ ቤት ቢሆን ያ ጋዜጠኛ ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ተማሪ ነው፤ መምህሩ ይቆነጥጡታል።

አሁን ወደ አጎትህ ልምጣ። እኔ ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ይሄ ዘፈን በነጠላ የወጣው የካቲት 15 ቀን 1969 ነው። መንግሥቱ ጄኔራል ተፈሪ ባንቲን አስገድሎ ሥልጣኑን ከጠቀለለ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ሚያዝያ 9 ቀን አብዮት አደባባይ ላይ ያንን ቀይ ፈሳሽ የሞላውን ጠርሙስ ወርውሮ ሰበረ። ሚያዝያ 15 ቀን አሜሪካኖቹ አስመራ ያለውን የቃኘው ጣቢያ ዘግተው እንዲወጡ ታዘዙ። የቃኘው ሬድዮ ማለት ስንቱ የእኛ ሙዚቀኛ የአሜሪካንን ዘፈን የሰማበት ጣቢያ ነው። «ሆቴል ካሊፎርኒያ» በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው ሚያዝያ 29 ቀን 1969 ነው። ትእዛዙ በወጣ በ14ኛው ቀን። በመሀሉ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ላይ ያለቁት ልጆች አብዛኞቹ የእኔ እኩዮች ናቸው።

ዘፈኑን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ አንድ ጓደኛችን ከአሰብ ይዞት በመጣ፣ ተቀድቶ ተቀድቶ ድምፁ ባለቀ ካሴት። «ከ1969 ወዲህ ያ መንፈስ እዚህ ቤት የለም» ሲል ክፍሉ ውስጥ አምስት ሆነን ነበር፤ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። የፈረንጁ ዘመን መሆኑን አናውቅም ነበር አልልህም። እናውቃለን። ግን ምን ለውጥ አለው?

ማሙሽ ዘሳሪስ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አጎቴን ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ይሄንንም አነብለታለሁ።

ቀናው መንገድ

ጨዋታችሁን ላደፈርስ አይደለም። ግን ይሄ ዘፈን ስለ ሰይጣን አምላኪዎች ቤት ነው ተብሎ በሲዲ የወጣ ስብከት ሰምቻለሁ። አልበሙ ሲገለጥ ሰገነት ላይ የቆመ ጥላ አለ፣ እሱም የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን የመሠረተው አንቶን ላቬይ ነው ይባላል። አውሬውን በቢላ ወግተው መግደል አቃታቸው የሚለውስ? ወጣት ሳይመረምር ባይዘፍነው ጥሩ ነው።

ጥርጣሬ

መጣ! አምስተኛ መልስ ላይ ይመጣል ብዬ ነበር፣ አንድ ብቻ ነው የሳትኩት።

አስተናባሪ

ሃይማኖት ላይ መቀላለድ እዚህ መድረክ ላይ አይፈቀድም። በመረጃ ተወያዩ።

ባለ 12 ክር

ቀናው መንገድ፣ ወንድሜ፣ እኔም ቄስ አጎት አለኝ፣ ይሄንን ጥያቄ ቤት ውስጥ መልሼዋለሁ። የአልበሙ ፊት ለፊት ላይ ያለው ሕንፃ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለው የቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ነው፤ ዴቪድ አሌክሳንደር የሚባል ፎቶ አንሺ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው በሚያነሳ ክሬን ላይ ወጥቶ ከዘንባባዎቹ በላይ ያነሳው። የውስጡ ሎቢ ሌላ ቦታ ነው፤ ሆሊዉድ ውስጥ ሊዶ የሚባል ያረጀ ሆቴል። የሞሉትም ለፎቶው የተጠሩ ወዳጆቻቸው ናቸው።

ቢላው ደግሞ የጓደኛ ቀልድ ነው። ስቲሊ ዳን የሚባል ባንድ በዚያው በ1976 ባወጣው ዘፈን ውስጥ የኢግልስን ስም አንስቶ ነበር። እነዚህ ደግሞ በአጸፋው የነሱን ስም የሚያስታውስ ቃል ቢላው ላይ ለጥፈው መለሱላቸው። ሰይጣን አይደለም፣ መወራረፍ ነው። መጀመሪያ ላይ በነፋሱ የሚሸተው ሣር ግን ጤና አዳም አለመሆኑን እኔም አልክድም። ሄንሊ ሲጠየቅ ዘፈኑ ከየዋህነት ወደ ማወቅ ስለሚደረግ ጉዞ ነው ይላል። ገንዘቡ፣ ዝናው፣ ዱቄቱ፣ ሎስ አንጀለስ። ስብከት ከሆነ እንግዲህ እሱ ራሱ ስብከት ነው።

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ሌሊት እሠራለሁ፣ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ከእኔ በላይ በዚህ ዘፈን የተሰቃየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ሻንጣውን እየጎተተ የሚመጣ ሁሉ፣ በተለይ ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ነጭ ወንድ፣ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና «ቼክ አውት ላድርግ፤ ግን መውጣት እችላለሁ?» ይለኛል። ይሄንን ቀልድ የፈጠረው እሱ እንደሆነ ያህል ፊቴን ያየኛል። እስቃለሁ። ሥራዬ ነው።

አንድ ቀን ግን ፈረቃዬን ጨርሼ መኪና ውስጥ ስገባ ሬድዮው ላይ ያችው መጣች። የመጣሁት በዲቪ ነው፤ ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ ለእናቴ ቤት ሠርቼ ልመለስ። 17 ዓመት ሆነኝ። ቤቱ ተሠርቷል፣ እናቴ ገብታበታለች፣ የእኔ ክፍል መጋረጃው እንኳ ተሰቅሏል። ሞተሩን ሳላስነሳ ስድስት ደቂቃ ከግማሹን ሙሉ ሰማሁት። እንግዶቹ የሚቀልዱባት የመጨረሻዋ ስንኝ ላይ ስትደርስ አልሳቅኩም።

ጥርጣሬ

እህት ቤቲ፣ ልብ የሚነካ ነው፣ እውነቴን ነው። ግን ይሄ የእኛ ሰው አመል ነው፦ ሁሉን ነገር ወደ ስደት፣ ሁሉን ነገር ወደ ቅኔ። ዘፈኑ ስለ አምስት ሀብታም ሙዚቀኞች ምቾት የፈጠረው መሰልቸት ነው። ደግሞ «ክላሲክ፣ ክላሲክ» ትላላችሁ፣ የኮርዱ አካሄድ ጄትሮ ታል ከሚባለው የእንግሊዝ ባንድ የተወሰደ አይደለም እንዴ? የ1969 ዘፈናቸውን ስሙት። በፈረንጅ 1969 ነው ጋሼ፣ እንዳይምታታ።

ጋሽ ሸክላ

አልተምታታብኝም። ለአጸፋዋ ግን አመሰግናለሁ፣ ደህና ተተኩሳለች።

ባለ 12 ክር

ጥርጣሬ፣ ሁለቱንም እጫወታቸዋለሁ። አካሄዱ ይመሳሰላል፣ ይሄ ሐሰት አይደለም። ኢግልስ በ1972 ከጄትሮ ታል ጋር አብረው ዞረው ተጫውተዋል፤ ፌልደር ግን ባንዱን የተቀላቀለው በ1974 ነው። የጄትሮ ታሉ ኢያን አንደርሰን ራሱ ሲጠየቅ ሰረቁኝ አላለም። በዚያ ላይ ምቱ ሌላ ነው፣ የእነሱ በሦስት ይቆጠራል፣ ይሄ በአራት። ትዝታ ላይ የተዘፈነው ሁሉ ከአንድ ሰው ተሰረቀ ብትለኝ የአገሩ ዘፋኝ ሁሉ ታሰረ ማለት ነው።

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጥርጣሬ፣ ስለ ሀብታሞች መሰልቸት ብቻ ከሆነ አንተ ስንት ጊዜ ሰማኸው?

ጥርጣሬ

…ብዙ ጊዜ። በጊታሩ ምክንያት።

ድምፅ ጠጋኙ

ስፒከርና አምፕሊፋየር መጠገን ነው ሥራዬ፣ 20 ዓመት አለፈኝ። እናንተ ስለ ግጥም ትጨቃጨቃላችሁ። እኔ ዘንድ ይሄ ዘፈን መሣሪያ ነው፣ እንደ መሞከሪያ ካቻቢቴ። የማወራው ግን ስለ 1976ቱ አይደለም፣ ስለ 1994ቱ።

ባንዱ በ1980 ተጣልቶ ተበተነ። ሄንሊ መቼ ትገናኛላችሁ ሲባል «ሲኦል በረዶ ሲሠራ» ይል ነበር። በ1994 ተገናኙ፣ አልበሙንም ሲኦል በረዶ ሠራ ብለው ሰየሙት። እዚያ ላይ «ሆቴል ካሊፎርኒያ»ን ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ሰው ፊት ቁጭ ብለው ተጫወቱት። ፌልደር በናይለን ክር ጊታር ስፓኒሽ የመሰለ መግቢያ ጨመረ። ከዚያ የእጅ ከበሮው ይገባል፣ ከሥሩ ደግሞ ትልቁ ከበሮ «ዱም» ይላል። ያች «ዱም» ናት የእኔ እንጀራ። የተጠገነ ቤዝ ስፒከር ኮኑ በደንብ ካልተለጠፈ እዚያ ላይ ይንጫጫል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር የሞተ ከሆነ የክሩ ጥፍር ድምፅ አይሰማህም። የሕዝቡ ጭብጨባ ከግራና ከቀኝ ካልተለያየ የግራና የቀኙ መስመር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ዱባይ ዕቃ ላመጣ ስሄድ እያንዳንዱ ሱቅ ውስጥ የሚከፈትልኝ እሱ ነው። ሻጩ ህንዳዊ፣ ገዢው ሐበሻ፣ ስፒከሩ የቻይና፣ ዘፈኑ ግን አንድ።

ይሄ ዘፈን ለምን አልሞተም ላላችሁት፣ በየቀኑ የሚከፍተው ባለሙያ ስላለ ነው። እኔ ስንት ዘፋኝ እወዳለሁ፣ ስፒከር ግን በነሱ አልሞክርም።

ማሙሽ ዘሳሪስ

ሃሃ፣ እኔ እኮ ስፒከር ስትገዛ የሚከፈተው ዘፈን ብዬ ነበር መጀመሪያ የማውቀው! ባለ 12 ክር፣ የመጨረሻውን ሶሎ ነገር አልነገርከንም። እዚያ ላይ ነው ሁሉም ሰው እጁን አየር ላይ የሚያርገበግበው።

ባለ 12 ክር

ሆን ብዬ ለመጨረሻ አስቀምጬው ነው።

ሶሎው ሁለት ደቂቃ ያልፋል፤ ፌልደርና ሌላው የባንዱ ጊታረኛ ጆ ዋልሽ እየተቀባበሉ ይሄዱና መጨረሻው ላይ አብረው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እንደ ሁለት ደብተራ ይወርዱታል። ሰው መድረክ ላይ በስሜት የተገኘ ይመስለዋል። አይደለም። ማያሚ ክራይቴሪያ ስቱዲዮ ገብተው ሊቀዱ ሲሉ ፌልደርና ዋልሽ እንደመጣላቸው መጫወት ጀመሩ። ሄንሊ አስቆማቸው፦ «አይሆንም፣ ካሴቱ ላይ እንዳለው አድርጉት»። ካሴቱ የት አለ? ማሊቡ፣ አገር ጥግ ላይ። ፌልደር ቤቱ ስልክ ደወለ፣ ሠራተኛዋን ካሴቱን ፈልጊና ማጫወቻው ላይ አድርጊ፣ ስልኩን ስፒከሩ ላይ ያዢልኝ አላት። በስልክ እየሰማ የራሱን ሶሎ እንደገና ተማረው። ይሄንን ታሪክ በወደድኩት ቁጥር ስለዚያች ሴትዮ አስባለሁ፤ ስልኩን ይዛ የቆመችው ሴት ባትኖር እኔ ማታ ማታ የምጫወተው ሌላ ነገር ነበር።

ቀረጻውም አንዴ አላለቀም። መጀመሪያ በኢ ማይነር ነበር፣ ለሄንሊ ድምፅ አልስማማ አለ። ቢ ማይነር ላይ አወረዱት፣ ለዚህ ነው ባለ 12 ክሩ ሰባተኛው ፍሬት (የአንገቱ መስመር) ላይ ካፖ፣ ክሮቹን ጨምቆ የሚይዘው መቆንጠጫ፣ የሚታሰርበት። በዚያው ሕንፃ ጎን ያለው ክፍል ብላክ ሳባዝ የሚባለው የሮክ ባንድ እየቀዳ ነበር፣ ድምፁ ግድግዳ እያለፈ ያስቸግራቸው ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ሲምዚክ ከተለያዩ ቅጂዎች ጥሩ ጥሩውን እየመረጠ ቴፑን በምላጭ 33 ቦታ ቆርጦ ቀጠለው። ስፌቱን እስካሁን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ከዚያ ኩባንያው ረዘመ አለ። ሬድዮ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈልገው፣ ይሄ ስድስት ደቂቃ ከግማሽ ነው፣ ለዚያውም ድምፃዊው ሳይዘፍን አንድ ደቂቃ ያህል ጊታር ብቻ። ፌልደር ራሱ ለነጠላ አይሆንም ብሎ ነበር። ሄንሊ አንድ ሰከንድ አይቆረጥም አለ። በ1978 ግራሚ የዓመቱ ቅጂ ብሎ ሸለመው፣ አልበሙ በ2018 በአሜሪካ ብቻ 26 ሚሊዮን ተብሎ ተመሰከረለት። ፌልደር ግን በ2001 ከባንዱ ተባረረ፤ ዜማውን የፈጠረው ሰው ማለት ነው። ቤቱ ይቀራል፣ ሰሪው ይወጣል።

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ

የግጥሙ ረቂቅ ወረቀቶችም ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ደርሰው ነበር እኮ፣ በ2024። 100 ገጽ ያህል የሄንሊ የእጅ ጽሑፍ ተሰረቀ ተብሎ ሦስት ሰው ተከሶ፣ ሄንሊም መጥቶ መሰከረ፣ ከዚያ ዐቃቤ ሕግ በመሀል ክሱን አነሳው። ሜክሲኮ ያለ ቶዶስ ሳንቶስ የሚባል ከተማ ውስጥ ያለ ሆቴልም በስሙ ሲነግድ በ2017 ከሰሱት፣ በስምምነት አለቀ። የኛ ሆቴል አለቃ ይሄንን ስነግረው «ደህና፣ እኛ ስማችንን ማንም አይፈልገውም» አለኝ።

ቀናው መንገድ

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የቆመ ሰው ጥላ ነው፣ ማን እንደሆነ ግን በዚያ ፎቶ ማንም ሊለይ አይችልም። ስለዚያኛው ስብከት ዝም ብዬ መድገሜ ልክ አልነበረም። ዘፈኑን አሁንም አልዘፍነውም። ግን ሶሎውን ሰማሁት።

ጥርጣሬ

እና?

ቀናው መንገድ

ሁለቴ ሰማሁት።

ማሙሽ ዘሳሪስ

አጎቴ ዘንድ ሄጄ ክሩን በሙሉ አነበብኩለት። የጋሽ ሸክላ ጽሑፍ ላይ ስደርስ «የት ትምህርት ቤት ነበሩ?» ብለህ ጠይቅልኝ አለ። ጋሼ፣ በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ።

ባለ 12 ክር፣ እኔም ልሞክረው ብዬ ከጓደኛዬ ባለ 12 ክር ጊታር ተውሼ ሰባተኛው ላይ ካፖ አስሬ ስወጥረው ቀጭኗ ጂ ክር ተበጠሰችብኝ። ሁለት ሱቅ ጠየቅኩ፣ ለባለ 6 እንጂ ለባለ 12 የሚሆን የለም አሉኝ። ከየት ነው የምታገኘው?

ባለ 12 ክር

ያቺ ክር ሁሌም የምትበጠሰው እሷ ናት፣ አይዞህ። መጀመሪያ ጊታሩን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገህ ቃኘው፣ ካፖውን ከዚያ እሰር። ክሩን እኔም ሰው ሲመጣ ነው የማስመጣው።

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ

ለገና እመጣለሁ። ስንት ስብስብ ላምጣ?

ባለ 12 ክር

የምርሽን ነው? አራት።

ማሙሽ ዘሳሪስ

አምስት በይው፣ እኔ አለሁ።